ክሩ ወይስ ውሃው? ጥርስ መሀል ለሚቀረው ነገር የቱን እንምረጥ

ረመዳን አልቆ ጥቂት ቀን ሆኖት ነበር። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ከሪያድ መጣች። ሻንጣዋ ሲከፈት ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለን ጎረቤቶቿ ሁላችንም እዚያው ነበርን። ሽቶው ወጣ፣ ቴምሩ ወጣ፣ የልጆቹ ልብስ ወጣ። ከሥር ሦስት ትልልቅ ጠርሙስ ሰማያዊ የአፍ ማጠቢያና መዳፍ የማትሞላ ነጭ ሳጥን ወጡ። ሳጥኗ ውስጥ የተጠቀለለ ክር አለ።

«ይሄ ደግሞ ለስፌት ነው?» አለች ጎረቤታችን።

«አይ አክስቴ፣ የጥርስ ነው።»

አቦሉ ሲቀዳ ክርክሩ ተጀመረ። አንዷ «ይሄን ሰማያዊ ውሃ ጠዋት ጠዋት ከተጉመጠመጡ መፋቅም አያስፈልግ» አለች። ሌላዋ መፋቂያዋን በምንም እንደማትለውጥ ተናገረች። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ጥርስ መሀል ክር የሚያስገባ ሰው ጥርሱን በገዛ እጁ ያላላል» አሉ። በረካው ላይ ስንደርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጥርሴን የታከምኩት እኔ ነኝ። ምን እንደደረሰብኝም ያውቃሉ።

የደረሰብኝ ይሄ ነው። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ አፌ ይደርቃል፣ ከሰው ጋር ስነጋገርም ጠረኔ ያሳስበኛል። ስለዚህ ለሦስት ዓመት ያህል በየጠዋቱ በአፍ ማጠቢያ እጉመጠመጥ ነበር። ስቦርሽ ድዴ ይደማል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ጠየቅኩ። «ድድሽ ተቆጥቷል፣ እስኪድን አትነካኪው፣ በዚህ ተጉመጥመጪ» ተባልኩ። እኔም አልነካሁትም። ከዓመት በላይ አልነካሁትም። በኋላ ሌላ ቦታ የታየሁ ጊዜ በግራ በኩል ከድዴ በታች የጥርስ ድንጋይ ተጋግሯል፣ አጥንቱም ሸሽቷል። አንድ መንጋጋዬ ተነቀለ። ሌላ ሰው በዚህ መንገድ ጥርስ እንዲያጣ አልፈልግም። ለዚህ ነው ነገሩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

መጀመሪያ የምናጸዳውን እንወቅ

ብዙዎቻችን የምናጸዳው የምግብ ትርፍራፊ ይመስለናል። ሥጋው፣ የቆሎው ገለባ፣ የጫቱ ቅጠል። እነዚህ ያስቸግራሉ እንጂ ዋናዎቹ ጠላቶች አይደሉም። ዋናው ጠላት አይታይም። ጠዋት ስትነሱ ጥርሳችሁን በምላሳችሁ ዳብሱት። የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ታገኛላችሁ። ይሄ ሽፋን በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ስኳር ሲያገኝ አሲድ ያመርታል፣ አሲዱ ጥርስ ይቦረቡራል። የድሮ ሰው «የጥርስ ትል በላው» ይል የነበረው ይሄንኑ ነው። ትል የለም። ሽፋኑ ድድ ጠርዝ ላይ ሲከርም ደግሞ ድዱን ያስቆጣዋል፣ ያሳብጠዋል፣ ያደማዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ መጠንከር ይጀምራል። ያኔ የጥርስ ድንጋይ እንለዋለን። ድንጋይ ከሆነ በኋላ ክርም ውሃም መፋቂያም አያነሳውም። በባለሙያ ካልታጠበ አይለቅም።

ሽፋኑ የሚያዳልጥ ቢሆንም የተጣበቀ ነው። ሽሮ የተቃጠለበት ድስት አስቡ። ውሃ ብትሞሉበት ይለሰልሳል እንጂ አይለቅም። መፈግፈግ ይፈልጋል። የጥርስም ነገር እንደዚሁ ነው። ውሃው የቱንም ያህል ሰማያዊ ቢሆን፣ የቱንም ያህል ቢያቃጥል፣ መፈግፈግን አይተካም።

ቡሩሽ ደግሞ ሁሉ ቦታ አይደርስም። መንጋጋ ጥርስ አምስት ፊት አለው። ቡሩሹ የውጭውን፣ የውስጡንና የማኘኪያውን ፊት ያገኛል። ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ጋር የሚነካካባቸው ሁለቱ ፊቶች ይቀራሉ። የእኔ መንጋጋ የሄደው በእነዚያ በኩል ነው።

የአፍ ማጠቢያው፦ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ

ጠርሙሱ ሁሉ አንድ ይመስላል። ግን አንድ አይደለም። ፋርማሲ ስትገቡ «የአፍ ማጠቢያ ስጡኝ» ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ ከማትፈልጉት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ዓይነት ጠረን ብቻ የሚሸፍን ነው። ሜንታ ሜንታ ይሸታል። ለአንድ ሰዓት ገደማ ያገለግላል፣ ከዚያ የነበረው ይመለሳል።

ሁለተኛው የቅጠላ ቅጠል ዘይት ያለበት ነው። ቲሞል፣ ሜንቶል፣ የባሕር ዛፍ ዘይት የመሳሰሉት። ታዋቂው ሊስተሪን ከዚህ ወገን ነው። ሊስተሪን እ.ኤ.አ. በ1879 አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ለቀዶ ሕክምና ቁስል ማጽጃ ነበር። የመጥፎ ጠረን መድኃኒት ሆኖ በማስታወቂያ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ከቡሩሽ ጋር ሲደረብ ሽፋኑን በመጠኑ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ዓይነቱ ግን 26.9 በመቶ አልኮል አለበት። ያ ማቃጠል ብዙ ሰው «ጀርሙን ገደለው» ብሎ የሚያምንበት ነው። ማቃጠሉ የአልኮሉና የዘይቱ ነው። ያቃጠለው ሁሉ አጸዳ ማለት አይደለም። አልኮል አፍ የሚያደርቅበት ሰው አለ። አፍ ሲደርቅ ደግሞ ጠረን ይብሳል። ጫት የሚቅም ሰው አፉ ቀድሞውንም ደርቋል። እሱ በአልኮል ባይጉመጠመጥ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ለሙስሊም ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው አልኮሉን ሲሰማ የአፍ ማጠቢያ ጨርሶ ይተዋል። መተው አያስፈልግም። አልኮል የሌለበት በሽ ነው። ጠርሙሱ ፊት ላይ ትልቅ አድርገው ይጽፉታል። ከጀርባው ባለው ዝርዝር ውስጥም አልኮል ወይም ኢታኖል የሚል ቃል መኖሩን ፈልጉ።

ሦስተኛው ክሎርሄክሲዲን ነው። ይሄ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ 0.12 ወይም 0.2 በመቶ ሆኖ ይመጣል። ድድ በጣም ሲቆጣ፣ ከድድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ መቦረሽ በማይቻልበት ሰሞን ሐኪም ያዘዋል። ኃይለኛ ነው፣ ሥራውንም ይሠራል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚታዘዘው። ለሳምንታት ሲቀጥል ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፣ ምላስን ያቀልማል፣ የምግብ ጣዕም ይለውጣል። ቡናና ሻይ ደጋግሞ ለሚጠጣ የወሎ ሰው ቀለሙ ይብስበታል። ያለ ማዘዣ ገዝተው ወራት ሙሉ የሚጉመጠመጡበትና «ጥርሴ ለምን ጠቆረ?» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሌላም ነገር አለው። ከጥርስ ሳሙና ጋር ወዲያው ከተገናኘ ኃይሉ ይቀንሳል። ከቦረሻችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ተጠቀሙበት።

አራተኛው ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለው ማዕድን፣ ያለበት ነው። ለቤት የሚሸጠው በየቀኑ የሚጉመጠመጡበት 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ነው። ጥርሱ ቶሎ ቶሎ ለሚቦረቦር ሰው፣ ብሬስ (የጥርስ ማቅኛ ሽቦ) ላሰረ ወጣት፣ አፉ ለሚደርቅ ሰው ይጠቅማል። ሲጠቀሙበት ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከማጠቢያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቦርሻችሁ ወዲያው ብትጉመጠመጡ ብዙውን አጥባችሁ ትንሹን ታስቀራላችሁ። ስለዚህ ማጠቢያው ከምሳ በኋላ ይሁን፣ ወይም ሌላ ሰዓት። ከቦረሻችሁ በኋላ ደግሞ አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ አትለቅለቁ። ይሄ ለእኛ ከባድ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ሦስት አራቴ መለቅለቅ ለምደናል። ለጥርሱ ግን ይሻለዋል። ተጉመጥምጣችሁም ሆነ ቦርሻችሁ ለግማሽ ሰዓት ባትበሉና ባትጠጡ ጥሩ ነው።

ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የአፍ ማጠቢያ አይሰጥ። ይውጠዋል።

የጨው ውሃውስ? ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። ርካሽ ነው፣ እናቶቻችን ያውቁታል፣ ለቆሰለ አፍና ለተቆጣ ድድ ማስታገሻ ነው። ጥርስ ከተነቀለ ግን በመጀመሪያው ቀን አትጉመጥመጡ። የረጋው ደም ከጉድጓዱ ከወጣ ሕመሙ ሌላ ነው። የጨው ውሃውም ቢሆን ሽፋኑን አይፈገፍግም።

ክሩ፦ ደሙ ያስፈራል፣ ልንፈራው ግን አይገባም

የጥርስ ክር አዲስ ነገር ይመስለናል። የኒው ኦርሊንሱ የጥርስ ሐኪም ሌቪ ስፒር ፓርምሊ ታካሚዎቹን በሐር ክር ጥርሳቸው መሀል እንዲያጸዱ ሲመክር ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው ናይለን ነው። ሰም የተቀባ አለ፣ ያልተቀባ አለ። ጥርሳቸው ለተጣበቀ ሰዎች የተቀባው ቶሎ ይገባል፣ ለጀማሪም ይቀላል። ልጅቷ ከሪያድ ያመጣችው የተቀባው ነው።

የሰማኋቸውን እምነቶች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጥርስ ያላላል፣ ያሰፋል።» አያደርገውም። ጥርስን የሚያላላው ከሥሩ ያለው አጥንት መሸሽ ነው። አጥንቱን የሚያሸሸው ደግሞ ክሩ የሚያወጣው ሽፋን ነው። ድዳቸው ያበጠ ሰዎች ክር ሲጀምሩ እብጠቱ ይቀንስና በጥርሶቹ መሀል ክፍተት ይታያቸዋል። «አሰፋው» የሚባለው ያኔ ነው። ክፍተቱ ግን ድሮም ነበረ፣ እብጠቱ ሸፍኖት ነው። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ድንጋዩ ሲነሳ የተነቃነቀ የሚመስለው ጥርስ ቀድሞም ተነቃንቋል። ድንጋዩ ደግፎት ነበር።

«ደማኝ፣ ስለዚህ ጎዳኝ።» እኔን ጥርሴን ያሳጣኝ ይሄ እምነት ነው። ጤነኛ ድድ በቀስታ በገባ ክር አይደማም። የሚደማው የተቆጣው ነው። የተቆጣው ደግሞ ቆሻሻው ስላለበት ነው። ደማ ብላችሁ ከተዋችሁት ቆሻሻው ይቆያል፣ ቁጣው ይብሳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይደማል። በየቀኑ በቀስታ ከቀጠላችሁ ብዙውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ደሙ ይቆማል። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስጀምር በዘጠነኛው ቀን ቆመልኝ። ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ሁለት ሳምንት አልፎትም ካልቆመ የጥርስ ሐኪም ይያችሁ። ስኳር ካለባችሁ ሁለት ሳምንቱንም አትጠብቁ። ስኳርና የድድ በሽታ እርስ በርስ ይባባሳሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱም ለሐኪማችሁ ንገሩ። ነፍሰ ጡር ሴትም ድዷ ቶሎ ይደማል። ሆርሞን ነው፣ ግን ማጽዳቷን እንዳትተው።

ድዳቸውን ለተነቀሱ እናቶቻችን አንድ ልዩ ነገር አለ። ድድ የሚነቀሰው ለውበት ነው፣ ድድ ያጠነክራል ተብሎም ነው። ንቅሳቱ ድዱን ያጠቁረዋል። ድድ ሲቆጣ የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው። በተነቀሰ ድድ ላይ ያ መቅላት በደንብ አይታይም። ስለዚህ እነሱ ዘንድ ደሙንና እብጠቱን ነው መጠበቅ ያለብን። እናታችሁ ቡሩሹን ወይም መፋቂያዋን ስታስቀምጥ ጫፉን አንድ ቀን እዩላት። ቀይ ካለበት ጠይቋት።

«አሜሪካኖች ራሳቸው አይጠቅምም ብለዋል።» ይሄን የሚለኝ ወጣቱ ነው፣ ስልኩ ላይ ያየው። የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ ስለ ጥርስ ክር የነበረውን ምክር ከውስጡ ሰረዘ። አንድ የዜና ወኪልም ማስረጃው ደካማ ነው ብሎ ዘገበ። ደካማው ግን ጥናቱ ነበር። ጥናቶቹ ጥቂት ሰው ይዘው ለጥቂት ሳምንት ብቻ የተደረጉ ነበሩ። የድድ በሽታ ደግሞ የዓመታት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ የሚመረምር ድርጅት 35 ጥናቶችን አሰባስቦ አየ። ቡሩሽ ላይ ክር ሲጨመር የድድ ቁጣ ከቡሩሽ ብቻ ይልቅ ሊቀንስ ይችላል አለ። ማስረጃው ግን አሁንም ጠንካራ አይደለም ሲል ጨመረ። ትንሿ የጥርስ መሀል ቡሩሽ (ኋላ እመለስባታለሁ) ከክር የተሻለች ልትሆን እንደምትችልም አመለከተ። ለእኔ ይሄ በቂ ነው። ማስረጃ ገና ነው ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም።

«የስፌት ክርስ አይሆንም?» የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ኮምቦልቻ እየሠራሁ ይሄ ጥያቄ አይቀርልኝም። ክር እኛ ዘንድ አይጠፋም። ከነጠላው ጥለት መዝዞ የሚያጸዳም አይቻለሁ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የጥርስ ክር ከብዙ ቀጫጭን ቃጫዎች የተሠራ፣ ጠበቅ ተደርጎ ያልተገመደ ነው። ጥርሱ ላይ ሲደርስ ይዘረጋል፣ ሰፋ ብሎ ይጠርጋል። የስፌት ክር ተገምዷል። ክብ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ድድ ይቆርጣል። ጥጥ ከሆነ ደግሞ ይበጣጠስና ጥርስ መሀል ይቀራል። አንድ ቀን ሥጋ ገብቶ ቢያስጨንቃችሁ ሌላ ከሌለ እሺ። የየቀን ልማድ ግን አይሁን።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ ልቆይበት። ከክንድ ትንሽ የሚያንስ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁረጡ። አብዛኛውን በሁለቱ የመሀል ጣቶቻችሁ ላይ ጠቅልሉ። መሀሉ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይቅር። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት። እንደ መጋዝ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሳችሁ በቀስታ አስገቡት። በኃይል ከተጫናችሁት ዘሎ ድዱን ይመታዋል። ያ ነው የሚያቆስለው። ከገባ በኋላ አንዱን ጥርስ አቅፋችሁ አጥፉት። ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሦስት ጊዜ ፈግፉ። ከዚያ ዞራችሁ ጎረቤቱን ጥርስ እቀፉ። አንድ ክፍተት ማለት ሁለት ግድግዳ ነው። ብዙዎቻችን አስገብተን እናወጣለን፣ ግድግዳዎቹን አንነካም። ወደሚቀጥለው ስትሄዱ ንጹሑን የክር ክፍል ተጠቀሙ። በቀን አንዴ ይበቃል። ማታ ከመቦረሽ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ። የተነሳውን ቡሩሹ ይጠርገዋል፣ ፍሎራይዱም ክፍት ቦታ ያገኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ጣትም ያማል። ከወር በኋላ ሦስት ደቂቃ ነው። እጃቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች እጀታ ያለውን ይሞክሩ። አንድ ክር ለሁሉም ጥርስ ነው፣ መተቃቀፉም ጥሩ አይደለም። ግን ካለመጠቀም ይሻላል።

አንድ ሌላ ጥቅሙን ልንገራችሁ። ውሃ አይፈልግም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ለደሴ ብርድም እንዲሁ። ጥርሳቸው የሚያም ሰዎች በጠዋቱ ቀዝቃዛ ውሃ ምክንያት ሳይቦርሹ ሲወጡ አያለሁ። ክሩን አልጋ ላይ ሆነውም መጠቀም ይችላሉ።

ፍንጭት ላለው

ፍንጭት ውበት ነው፣ ማንም እንዲዘጋው አልመክርም። ግን ሰፊ ክፍተት ውስጥ ክር ቦታ አይሞላም፣ ሸርተት ብሎ ያልፋል። እዚያ የምትሠራው ትንሿ የጥርስ መሀል ቡሩሽ ናት። ቀጭን ሽቦ ዙሪያዋን ጸጉር ያላት፣ ጠርሙስ ማጠቢያን የምትመስል። ድዳቸው የሸሸ ሰዎች፣ ጥርስ ያስነቀሉና ከጎን ክፍተት ያላቸው፣ ድልድይ (ከጎን ጥርሶች ጋር የሚያያዝ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ያስተከሉ ሰዎች ሁሉ ከክር ይልቅ እሷን ይምረጡ። መጠኗ ብዙ ነው። ጠበቅ ብላ መግባት አለባት፣ ግን በግድ አትግባ። አንድ አፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት መጠን ሊያስፈልግ ይችላል። እኔ በተነቀለው መንጋጋዬ ጎን ባሉት ጥርሶች እሷን፣ በሌላው ቦታ ክር እጠቀማለሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ጠይቄ ነው ያገኘኋት። አንዷን እያጠባችሁ ጸጉሯ እስኪያልቅ ድረስ ለቀናት ትጠቀሙባታላችሁ፣ ስለዚህ ዋጋዋ እንደሚመስለው አይደለም።

ስቴኪኒ

ሥጋ ቤት ገብቶ ጥብስ በልቶ ስቴኪኒ የማይነሳ የለም። የገባውን ሥጋ ማውጣት ይችላል፣ ከዚያ አያልፍም። ሽፋኑን አያነሳም። ጫፉ ይሰበራል፣ ድድ ይወጋል። ጠረጴዛ ላይ ክፍት ሆኖ የዋለውን ደግሞ ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም።

ስለ ስቴኪኒ አንድ ጠቃሚ ነገር ግን አለ። ሥጋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከገባባችሁ ያ ቦታ እያናገራችሁ ነው። ሁለቱ ጥርሶች መሀል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። የተሞላ ጥርስ ጠርዙ ተሰብሮም ሊሆን ይችላል። በስቴኪኒ እያወጡ ዓመት ከመቆየት ለሐኪም ማሳየት ነው።

መፋቂያው ቦታ አለው

መፋቂያን የሚያጣጥል ሰው አልወድም። የወይራው እንጨት አያቶቻችንን አገልግሏል። ምስዋኩ ደግሞ በሙስሊሙ ዘንድ ሱና ነው። ሸዋበር መስጊድ አካባቢ ከሰላት በፊት የሚፍቀውን ሰው ብዛት ማየት ነው። በአግባቡ ለሚጠቀምበት ሰው መፋቂያ የጥርስን ፊት ከቡሩሽ ባልተናነሰ ያጸዳል። በቀን አምስቴ ለሰላት ሲታጠቡ የሚደረገው የውዱእ መጉመጥመጥም የላላውን ምግብ ጠርጎ ያወጣል፣ አፍንም ያረጥባል።

የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥርስ መሀል አይገባም። ሁለተኛ፣ የወይራ እንጨት ፍሎራይድ ካለው ሳሙና ጋር አይተካከልም። ስለዚህ መፋቂያ ለቡሩሽ አማራጭ ሊሆን ይችላል፣ ለክር ግን አይሆንም። መፋቂያ የምትወዱ ሰዎች ቀን ቀን ፍቃችሁ ማታ ክርና ቡሩሽ ብታደርጉ ምንም አይጣላም። ስትፍቁ ደግሞ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይሁን። ጎን ለጎን በኃይል መሳብ ድድን ያሸሻል። የተፈረከሰውን ጫፍ በየቀኑ ቁረጡና አዲስ አኝኩ።

በከሰልና በአመድ መፈተግን ግን ተዉት። የጥርሱን የራሱን ጠንካራ የላይኛ ክፍል ይበላዋል። የበላው አይመለስም።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ብሩ ከክሩና ከማጠቢያው ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ሰው ክሩን ይግዛ። እኔ ያለ ማመንታት የምለው ይሄን ነው። አንድ ሳጥን ክር ለአንድ ሰው ብዙ ሳምንት ይሄዳል። ማጠቢያው ጠርሙስ በአንድ ወር ሊያልቅ ይችላል። ቡሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ግን ከሁለቱም ይቀድማሉ። እነሱ ሳይኖሩ ክርም ማጠቢያም አይገዛ።

የሚያሳስባችሁ ጠረን ከሆነ ማጠቢያ ከመግዛታችሁ በፊት ምላሳችሁን ተመልከቱ። መጥፎ ጠረን አብዛኛውን ጊዜ ከአፍ ነው የሚመነጨው። ጨጓራ ነው ብለን መድኃኒት የምንፈልገው ብዙውን ጊዜ በከንቱ ነው። የምላሱን የኋላ ክፍል በቡሩሹ በቀስታ ጥረጉ። ጥርስ መሀሉን በክር አጽዱ። ክሩን ካወጣችሁት በኋላ አሽቱት። ጠረኑ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ታውቃላችሁ። ውሃ ጠጡ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቱ አፍ ያደርቃል። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ካልተለወጠ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ ጠረኑን በማጠቢያ ስሸፍን የኖርኩት በሽታውን ነበር።

ጥርሱ በየዓመቱ ለሚቦረቦር ሰው፣ ለስላሳና ከረሜላ ለሚወድ ወጣት፣ ክሩ ላይ ፍሎራይድ ያለው ማጠቢያ ይጨመርለት። ጫት ለሚቅም ሰው አልኮል የሌለበት። ድዱ አብጦ መቦረሽ ላቃተው ሰው ሐኪም ያዘዘለት ክሎርሄክሲዲን፣ ለታዘዘለት ቀን ብቻ። ብሬስ ላሰረ ልጅ ክሩን በሽቦው ሥር የሚያሳልፍ መርፌ መሳይ መሪ ይፈለግለት። ልጆች ላይ ደግሞ ሁለት ጥርሶች መነካካት ከጀመሩ ጀምሮ እናት ወይም አባት በክር ያጽዱላቸው። ብቻቸውን ሊችሉት ብዙ ዓመት ይቀራቸዋል።

ለጾም ወራት ጊዜውን ማዛወር በቂ ነው። በረመዳን ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ያለው ሰዓት ይበቃል። ከተራዊሕ በኋላ ክር፣ ከሱሁር በኋላ ቡሩሽ። ቀን ላይ ስለ ማጠቢያው ጥያቄ ካላችሁ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ለቁርባን የሚዘጋጅ ክርስቲያንም ማታውኑ ጥርስ መሀሉን አጽድቶ ቢተኛ ጠዋት ውሃ አፉ ባይገባም ንጹሕ ሆኖ ያድራል።

ልጅቷ ወደ ሪያድ ከተመለሰች አሁን ሰባት ወር አለፋት። ሰማያዊዎቹ ጠርሙሶች ሁለቱ ሳይከፈቱ የጎረቤታችን ቡፌ ላይ ተደርድረዋል። ነጯ ሳጥን ካለቀች ሰንብታለች። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ እያለን ስልክ ደወለች። አክስቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁላችንም አሰማችን። «ምን ልላክልሽ?» ስትል፣ «ክሩን» አለቻት። «ውሃውን ተይው፣ ክሩን ላኪልኝ። ለእሳቸውም ጨምሪ።» እሳቸው ያለቻቸው ያላላል ያሉትን አዛውንት ነው።